የኳንተምን ስሌት በተራ የኤሌክትሮኒክ ሰርኪዩት አስመስሎ ስለ ማሳየት

ስለ ኳንተም ኮምፒዩተር በየጊዜው ብዙ የሚነገር ቢሆንም፣ መሣሪያው ዋጋው እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ፣ በሰፊው የታወቀው ዓይነትም ከፍጹም ዜሮ እምብዛም በማይርቅ ቅዝቃዜ የሚሠራ ስለሆነ፣ በመማሪያ ክፍል በቀላሉ አይገኝም። የስሌቱን ሕግ ግን በተራ ሰርኪዩት አስመስሎ ማሳየት እስከ አንድ ወሰን ድረስ ይቻላል። መምህሩም ሆነ ዕቅድ አውጪው ይህ ወሰን የት እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

ተራው ቢት ወይ 0 ወይ 1 ነው። የኳንተም ቢት፣ ማለትም ኪዩቢት፣ የሚገለጸው ግን በሁለት ቁጥሮች ሲሆን አንዱ ለ0፣ ሌላው ለ1 ነው። ቁጥሮቹ በካሬ ሲነሡ ኪዩቢቱ ተለክቶ 0 ወይም 1 ሆኖ የመገኘቱን ዕድል ይሰጣሉ። በጠቅላላው ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ናቸው፤ ለክፍል ትምህርት ግን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቁጥሮች ይበቃሉ።

እንግዲህ ሁለት ሽቦዎች ወስደን በአንደኛው ላይ ያለው ቮልቴጅ የ0ን፣ በሁለተኛው ላይ ያለው የ1ን ቁጥር ይወክል እንበል። ሽቦዎቹን ማለዋወጥ የኖት በር ሥራ ነው። ሀዳማርድ የተባለው በር ሁለቱን ቮልቴጆች በአንደኛው መውጫ ይደምራል፣ በሌላው ይቀንሳል፤ ውጤቶቹንም በ0.707 ያባዛል። ለዚህ ጥቂት ኦፐሬሽናል አምፕሊፋየሮችና ሬዚስተሮች ይበቃሉ። (አምፕሊፋየሩ ምልክት የሚገለብጥ ቢሆን በሁለቱም ሽቦዎች እስከገለበጠ ድረስ ጉዳት የለውም።) 1 ቮልትና 0 ቮልት ሲገቡ ከሁለቱም መውጫ 0.707 ቮልት ይወጣል፤ ይህም ግማሽ በግማሽ ዕድል ማለት ነው። ውጤቱን በሁለተኛ ሀዳማርድ በር ብናሳልፈው ግን 1 ቮልትና 0 ቮልት ተመልሰው ይገኛሉ። ሳንቲም ደግመን ብንወረውር ዕድሉ ያው ግማሽ በግማሽ በሆነ ነበር፤ እዚህ ግን በሁለተኛው ሽቦ ላይ የሚገናኙት 0.5 እና −0.5 ቮልት ይጣፋሉ። ኢንተርፌረንስ የሚባለው ይኸው ነው፤ ተማሪው በቮልት መለኪያ ሲያየው ከብዙ ገጽ ቀመር ይልቅ ይገባዋል የሚል እምነት አለን።

ለሁለት ኪዩቢቶች አራት ሽቦዎች ያስፈልጋሉ፤ እነሱም ለ00፣ ለ01፣ ለ10 እና ለ11 ናቸው። የመጀመሪያው 1 ሲሆን ሁለተኛውን የሚገለብጠው በር ሦስተኛውንና አራተኛውን ሽቦ ከማለዋወጥ ሌላ ሥራ የለውም። ቮልቴጁ በ00 እና በ11 ላይ ብቻ እኩል ሆኖ ሲቀር ኪዩቢቶቹ ተቆራኝተዋል ይባላል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለ10 ኪዩቢቶች 1,024፣ ለ20 ደግሞ 1,048,576 ሽቦዎች ያስፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በኦስተን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ብራያን ላ ኩርና ግራንቪል ኦት ሽቦ በማብዛት ፈንታ ለየኪዩቢቱ የተለየ ፍሪኩዌንሲ ሰጥተው ሁሉንም በአንድ ሲግናል ውስጥ ያስቀመጡበትን ዘዴ አሳትመዋል። ይሁን እንጂ ሸክሙ ቦታ ለወጠ እንጂ አልቀለለም፤ አንድ ኪዩቢት በተጨመረ ቁጥር የሚፈለገው የፍሪኩዌንሲ ስፋት በእጥፍ ያድጋል። ዲጂታል ኮምፒዩተርም ቢሆን ለእያንዳንዱ ቁጥር 16 ባይት ቢመድብ ለ30 ኪዩቢቶች 17 ቢሊዮን ባይት ገደማ ይፈጅበታል። ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጽሑፍ የኳንተም ኮምፒዩተርን ሐሳብ ያቀረበውም ከዚሁ ችግር ተነሥቶ ነበር።

በመሆኑም ዕቅድ አውጪው እንዲህ ያለ ማሳያ ለግዢ ሲቀርብለት አንድ ኪዩቢት ለመጨመር ስንት ተጨማሪ ዕቃ እንደሚያስፈልግ ይጠይቅ። መልሱ እጥፍ ከሆነ መሣሪያው ለማስተማሪያ እንጂ ለስሌት ፍጥነት አይገዛም።

መምህሩም አንድ ልዩነት መደበቅ የለበትም። በሰርኪዩቱ ላይ የሁሉም ሽቦዎች ቮልቴጅ ያለ ችግር ይነበባል፤ እውነተኛው ኪዩቢት ግን ሲለካ አንድ መልስ ብቻ ይሰጣል፣ የቀድሞው ሁኔታም ይጠፋል። ስለዚህ ተማሪዎች ቮልቴጆቹን በካሬ ካነሡ በኋላ በዚያው ዕድል መጠን ዕጣ እያወጡ አንድ አንድ መልስ እንዲመዘግቡ ማድረግ ያስፈልጋል።