ወንድ ውሻን ማኮላሸት ይገባልን? በናይሮቢ ከተማ የውሻ ባለቤቶች ዘንድ የሚነሣ ጥያቄ

ወንድ እንስሳን ማኮላሸት ለገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ወይፈኑን የሚያኮላሸው በቀንበር ሥር ጸጥ ብሎ እንዲያርስለት ነው፤ በጉንና ፍየሉንም አኮላሽቶ ሙክት የሚያደርገው ሥጋውና ስቡ ለበዓል እንዲበዛለት ነው። ስለ ውሻ በተጠየቀ ጊዜ ግን ይኸው ገበሬ ያመነታል። ውሻ የሚፈለገው ለጥበቃ ስለ ሆነ፣ ወንድነቱ ከተወሰደበት ቁጣውና ንቃቱም አብሮ ይሄዳል የሚል ሥጋት አለ። ይህ ሥጋት እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ለመመርመር የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ መልካም ምሳሌ ትሆናለች።

በናይሮቢ መሃል ከተማ፣ በኬንያታ ጎዳናና በሞይ ጎዳና አካባቢ የሚገኙት ሱቆችና ቢሮዎች ማታ ሲዘጉ፣ ንብረቱ ለዘበኛ፣ አንዳንድ ጊዜም ለዘበኛና ለውሻ ዐደራ ይሰጣል። ከመሃል ከተማው ወጣ ባሉት ሠፈሮችም በአጥር ግቢ ውስጥ ውሻ ማሳደር የተለመደ ነው። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ወንድ ውሻ ነው፤ ከዝርያም ጀርመን ሸፐርድ የሚባለው እጅግ ይወደዳል።

ነገር ግን ያልተኮላሸ ወንድ ውሻ አንድ ጠባይ አለው። ወንድ የምትፈልግ ሴት ውሻ ጠረን ከሩቅ በደረሰው ጊዜ፣ አጥር ዘሎ ወይም ከዘበኛው እጅ አምልጦ ይሄዳል። እንደ ኡሁሩ አውራ ጎዳና መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ የሚገጥመው አደጋ ግልጽ ነው። ከመኪና ቢተርፍም ከሌሎች ወንዶች ጋር ተናክሶ ቆስሎ ይመለሳል፤ ወይም መንገደኛ ነክሶ ባለቤቱን ከክስ ያደርሰዋል። እንግዲህ ለጥበቃ ተብሎ ሳይኮላሽ የቀረው ውሻ፣ ጥበቃው በሚፈለግበት ሌሊት ከቤቱ የማይገኝ ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የተደረገው ጥናት የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ካደጉ በኋላ የተኮላሹ 42 ውሾች ጠባይ ተመርምሮ ነበር። ከቤት ወጥቶ የመዞር ልማድ ከነበራቸው መካከል 90 በመቶ ያህሉ ልማዳቸውን ትተዋል ወይም ቀንሰዋል። ከሌሎች ወንዶች ጋር መናከስ በ60 በመቶ ያህሉ፣ በቤት ውስጥ እየዞሩ መሽናትም በግማሾቹ ተቀንሷል። የራሱን ግቢ ከእንግዳ ሰው የመጠበቅ ጠባይ ላይ ግን የታየ ለውጥ አልነበረም። ምክንያቱም ውሻ ቤቱን የሚጠብቀው በዝርያውና በአስተዳደጉ፣ ከቤተ ሰቡም ጋር ባለው ፍቅር እንጂ በቆለጡ ብቻ ስላይደለ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከፍርሃት የተነሣ የሚናከስ ውሻ በማኮላሸት ይድናል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም፤ እንዲህ ያለው ውሻ የሚሻለው በትዕግሥትና በሥልጠና ነው።

ከጤና በኩልም ጥቅምና ጉዳቱን አመዛዝኖ ማየት ያስፈልጋል። የተኮላሸ ውሻ የቆለጥ ነቀርሳ አይይዘውም። ያልተኮላሹ ውሾች ሲያረጁ አብዛኞቹን የሚያስቸግራቸው የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥም ይቀርለታል። በግንኙነት ጊዜ ከውሻ ወደ ውሻ ከሚተላለፈው የብልት ነቀርሳም የተጠበቀ ይሆናል። ይልቁንም አንዱ ቆለጡ ሳይወርድ በሆዱ ውስጥ የቀረበት ውሻ፣ ያ ቆለጥ ወደ ነቀርሳ የመለወጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ሳይኮላሽ ባይቀር ይመረጣል።

ጉዳቱ ደግሞ ይበልጡን ከችኮላ የሚመጣ ነው። ከቆለጥ የሚመነጨው ሆርሞን የአጥንትን ዕድገት በጊዜው እንዲያበቃ የሚያደርግ ስለ ሆነ፣ ትልልቅ ዝርያዎች ገና በቡችላነታቸው ሲኮላሹ እግራቸው ከልክ በላይ ይረዝማል፤ መገጣጠሚያቸውም ይደክማል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ 12 ወር ሳይሞላቸው ከተኮላሹት ወንድ ጀርመን ሸፐርዶች መካከል 21 በመቶው የመገጣጠሚያ በሽታ እንዳገኛቸው ተገልጿል፤ ካልተኮላሹት መካከል ግን በዚሁ በሽታ የተያዙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የእንዲህ ያለ ትልቅ ውሻ ባለቤት ቢያንስ አንድ ዓመት እስኪያልፈው፣ ቢቻልም ሁለት ዓመት እስኪቃረብ ድረስ መታገሥ ይገባዋል። ለትናንሽ ዝርያዎች ከ6 ወር በኋላ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይስማማል።

የበሬውን ቆለጥ መቀጥቀጥ የለመደ ገበሬ በውሻ ላይ ይህንኑ ለመሞከር ከቶ ማሰብ የለበትም። ውሻ የሚኮላሸው በማደንዘዣ ተኝቶ፣ በእንስሳት ሐኪም እጅ፣ ንጹሕ በሆነ ቦታ ነው። በናይሮቢ ከመሃል ከተማው በስተ ምዕራብ በካቤቴ የሚገኘው የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1910 የተመሠረተውና በላንጋታ መንገድ የሚገኘው የኬንያ እንስሳት ጥበቃና እንክብካቤ ማኅበር በዚህ ሙያ የታወቁ ናቸው። ከሕክምናው በኋላ ውሻው ቁስሉን እንዳይልስ 10 ቀን ወይም ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። በሰውነቱ ውስጥ የቀረ ዘር ስለሚኖርም ቢያንስ ለአንድ ወር ከሴት ውሻ መራቅ አለበት። ከዚያም በኋላ ቶሎ የመወፈር ጠባይ ስለሚያመጣ መኖውን ጥቂት መቀነስ ነው።

ለከተማ አስተዳዳሪዎች ደግሞ ሌላ የሚታሰብ ነገር አለ። ወንዶችን ብቻ በማኮላሸት የውሻን ብዛት መቀነስ አይቻልም። ከመቶ ወንዶች ዘጠና ቢኮላሹ እንኳ የቀሩት ዐሥሩ አያሌ ሴቶችን ያስረግዛሉ። ሴት ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ያህል ብቻ ሆኖ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ስለምትችል፣ ብዛትን ለመግታት ዋናው ሥራ ሴቶቹን ማምከንና ቆሻሻን ከመንገድ ማንሣት ነው።

ማኮላሸት የእብድ ውሻ በሽታንም አይከላከልም። ይህ በሽታ በኬንያ ለመጀመሪያ ጊዜ በምርመራ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1912 በናይሮቢ አቅራቢያ በአንድ ውሻ ላይ ነበር። የኬንያ መንግሥት ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን ይህን በሽታ እስከ 2030 ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ2014 ዕቅድ አውጥቷል። በሽታው እንዲቆም ከመቶ ውሾች ቢያንስ 70ዎቹ መከተብ እንዳለባቸው ሊቃውንት ተስማምተዋል። እንግዲህ የተኮላሸ ውሻ ቢዞር ባይዞርም ክትባቱን በየጊዜው ማግኘት አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ዘሩ ተፈልጎ፣ አጥሩም ጠንክሮ፣ የሚጠብቀውም ሰው ኖሮት የሚያድር ጤነኛ ወንድ ውሻ እንዳለ ቢተው ነውር የለበትም። ዘሩ የማይፈለግ፣ አጥር እየዘለለ የሚያስቸግር፣ ከውሻ ሁሉ የሚናከስ ሆኖ ከተገኘ ግን፣ ዕድሜው ሲደርስ ማኮላሸት ለውሻውም ለባለቤቱም ለጎረቤቱም ይበጃል። ይህ ምክር ለናይሮቢ ሱቅ ጠባቂ ውሻ እንደሚሠራ ሁሉ፣ በገጠር በጎችን ከጅብና ከቀበሮ ለሚጠብቀውም ይሠራል፤ በሌሊት ከበረቱ የማይለየው ውሻ ከሁሉ የተሻለ ጠባቂ ነውና።