«አልበላም» ያለውን ዓሳ እንዴት አበላሁት?

እኛ አገር ሰው «አልበላም» ካለ መላ አለው። «በሞቴ!» እንለዋለን። እምቢ ካለ «አፈር ስሆን!» እንጨምርበታለን። እንደዚያም ሆኖ አሻፈረኝ ካለ ጉርሻውን ጠቅልለን አፉ ድረስ እንሄዳለን። ታዲያ ዓሳን ምን ይሉታል? «በሞቴ» ቢሉት አይሰማ፣ ቢያጎርሱት አይጎርስ... እንዲያውም እጃችሁን ገና ሲያይ ድንጋይ ሥር ገብቶ ይደበቃል!

«ደግሞ ለዓሳ ማን ይጨነቃል?» እንዳትሉኝ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በካፌው፣ በሆቴሉ፣ በየሰው ሳሎን የዓሳ ገንዳ ማየት ብርቅ አይደለም። ዓሳ ያስገባ ሰው ደግሞ አንድ ቀን «ኧረ ይሄ ዓሳ ምግብ አልነካም!» ማለቱ አይቀርም። ለእኔ የሚደውሉልኝ ወዳጆቼ እንኳ ጥቂት አይደሉም። ለምን ለእኔ? ነገሩ እንዲህ ነው።

እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ፣ የጣርማ በርን ብርድ አልፋችሁ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ ሹራባችሁን የምታወልቁባት ከተማ ማለት ናት። ስለ ማሽላ፣ ስለ ማሾ፣ ስለ ሽንኩርትና ስለ ማንጎ ብትጠይቁን እንመልሳለን። የባሕር ዓሳ ግን የእኛ ነገር አይደለም። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት ነጋዴዎች እስከ ዘይላ ወደብ ይመላለሱ እንደነበር ታሪክ ይነግረናል። ከባሕር ዳር ሸቀጥ ይዘው መጡ እንጂ ዓሳ በመስታወት ገንዳ ይዘው መጡ ሲባል ግን አልሰማሁም!

እኔን ከባሕር ዓሳ ጋር ያገናኘኝ የዓረብ አገር እንጀራ ነው። በ2002 ዓ.ም. እንደ ብዙ የይፋት ልጆች በኮንትራት ወደ ሳዑዲ ሄድኩ፤ ጅዳ።

ቢጫዋ እንግዳ

ጅዳ ቀይ ባሕር ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። የገባሁበት ቤት ሳሎን ውስጥ ከአልጋ የሚረዝም የዓሳ ገንዳ ነበር። ውሃው ጨዋማ፣ ዓሳዎቹም የባሕር ናቸው። ወጥ መሥራት፣ መተኮስ፣ ልጆች መጠበቅ የሚለው ሥራ ላይ «ዓሳዎቹንም አንቺ ታበያለሽ» የሚል ተጨመረልኝ።

በስድስተኛው ወሬ አካባቢ የቤቱ አባወራ (እኛ ባባ ነው የምንለው) ሁለት ቢጫ ዓሳዎች ገዝቶ መጣ። ሰውነታቸው እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ፣ ቀለማቸው እንደ በሰለ ሎሚ፣ ዓይናቸው ዙሪያ ደግሞ ኩል የተኳሉ የሚያስመስል ሰማያዊ ጥላ አለ። ቢራቢሮ ዓሳ ይሏቸዋል። ይሄኛው ዓይነት በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ባሕር ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚታየው።

አንደኛው በመጣ በአራተኛው ቀን ሞተ። የቀረችው (ሴት ትሁን ወንድ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው፣ እኔ ግን «እሷ» እላታለሁ) ጥግ ይዛ ቆመች። ምግብ ሲጣል ሌሎቹ ይሻማሉ፤ እሷ ዞር ብላም አታይ። ማዳም መጥታ አየቻትና «ይቺም ከሞተች ከደመወዝሽ ነው» አለችኝ። ዋጋው የሁለት ወር ደመወዜ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ገንዘብ ታናሽ ወንድሜን አስተምራለሁ። እንግዲህ ፍረዱኝ! የዓሳዋ ሆድና የወንድሜ ትምህርት አንድ ላይ ታሰሩ።

የአባቴ ምክር

ያን ሰሞን ቤት ስደውል ነገሩን ላባቴ አጫወትኩት። እየሳቀ እንዲህ አለኝ፤

«አንቺ ልጅ፣ ከደጋ በሬ ስንገዛ ረሳሽው እንዴ? የገብስ ገለባ ለምዶ የመጣ በሬ የእኛን የማሽላ አገዳ ምግብ መሆኑን አያውቀውም። ኮርቶ እንዳይመስልሽ፤ ፈርቶም ነው፣ አላውቀው ብሎም ነው። መጀመሪያ ጥላ ሥር ታሳርፊዋለሽ። ከሚወጋው በሬ ትለይዋለሽ። የሚያውቀውን ሰጥተሽ የማያውቀውን በትንሽ በትንሹ ትቀላቅዪበታለሽ። ደግሞ የሰጠሽውን አትቁጠሪ፤ የበላውን ቁጠሪ።»

አባቴ በሕይወቱ የባሕር ዓሳ አይቶ አያውቅም። ግን ከዚያ በኋላ ከዓሳ መሸጫው ሠራተኛ የተማርኩት ሁሉ ዞሮ ዞሮ የአባቴን ቃል ከማብራራት አላለፈም።

መጀመሪያ ውሃው

ዓሳ ምግብ ሲተው ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ውሃው ነው። የቀይ ባሕር ውሃ በ1 ሊትር ውስጥ ወደ 40 ግራም ጨው ይይዛል፤ የሌላው ውቅያኖስ ወደ 35 ግራም ነው። ለገንዳ የሚሆነው ጨው ደግሞ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው አይደለም፤ ሌሎች ማዕድናት ያሉበት ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው በንጹሕ ውሃ እንጂ በጨው ውሃ አይደለም፤ አለበለዚያ ውሃው ቀን በቀን ጨውነቱ እየበረታ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጠላት አሞኒያ ነው። የተረፈ ምግብና የዓሳ ኩስ ሲበሰብስ ይፈጠራል። የዓሳውን ስንጥብ ያቃጥላል፤ የሚቃጠል ዓሳ ደግሞ ምግብ አያምረውም። ፊልተሩ ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሞኒያን ይቀንሳሉ፤ ግን እነሱ እስኪራቡ ድረስ አዲስ ገንዳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ገንዳ በገዛችሁ ማግስት ዓሳ የምትጨምሩ ሰዎች፣ ይቺን አስምሩባት!

የሚወጋውን በሬ ለዩ

ገንዳው ውስጥ ሶሃል የሚባል የቀይ ባሕር ዓሳ ነበር። ባለ ሸንተረር፣ መልከ መልካም፣ ግን የሰፈር ጉልቤ! ጭራው ሥር እንደ ምላጭ የሰላ እሾህ አለው። ቢጫዋ ከጥጓ ብቅ ስትል ያባርራታል። እሷ እንዴት ብላ ትብላ?

የመሸጫው ሠራተኛ አንድ ዘዴ አሳየኝ። ከገንዳው አንድ ጫፍ በውጭ በኩል መስታወት ለጠፍን። ጉልቤው የራሱን ምስል ሲያይ ሌላ ጎረምሳ የመጣበት መስሎት እዚያው ሲፎክር ይውላል! በሌላው ጫፍ ደግሞ እሷ የምትሸሸግበት የድንጋይ ዋሻ ሠራንላት። መብራቱንም ለሁለት ቀን ቀነስኩት። ሲጨንቀው ሰው እንኳ ጨለማ ክፍል ይመርጥ የለ?

የሚያውቁትን ምግብ ስጡ

ባሕር ውስጥ ቢራቢሮ ዓሳ በሞጥሟጣ አፉ ከኮራልና ከድንጋይ ስንጥቅ ጥቃቅን ነፍሳት እየለቀመ ነው የሚውለው። ከላይ እንደ ዝናብ የሚወርድ ደረቅ ምግብ አይቶ አያውቅም። ለእሱ ያ ምግብ አይደለም፤ አቧራ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አደረግሁ።

አንደኛ፣ ሕይወት ያለው ምግብ። አርቴሚያ የሚባሉ፣ ገና ሲፈለፈሉ ከጤፍ የማይበልጡ የጨው ውሃ ፍጥረታት አሉ። ዕንቁላላቸው ደርቆ ይሸጣል። ሞቅ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ በአየር ፓምፕ ስታናፍሱት ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይፈለፈላል። ሲንቀሳቀሱ ዓሳው ማደን ያምረዋል። እንደተፈለፈሉ ገንቢ ናቸው፤ ካደጉ በኋላ ግን ራሳቸው ካልተመገቡ ባዶ ቀፎ ስለሚሆኑ በእነሱ ብቻ መተማመን አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ምግቡን እንደ ባሕሩ አድርጎ ማቅረብ። ከዓሳ ገበያ የገዛሁትን ዛጎል ከፍቼ ከነሥጋው ዋሻዋ ደጃፍ አስቀመጥኩላት። የተፈጨ ሽሪምፕም የደረቀ ኮራል ቀዳዳ ውስጥ ወተፍኩ። ይሄ ዓይነቱ ዓሳ ቀን ቀን ጥላ ሥር ፈዝዞ ቆሞ ወደ ማምሻው የሚነቃ መሆኑን ስላየሁ ሰዓቱን ወደ 11 ሰዓት አዞርኩት።

በስድስተኛው ቀን ማምሻ ላይ ቀረብ አለች። ዛጎሉን በአንድ ዓይኗ አየችው፤ ሸሸች፤ ተመለሰች። ከዚያ ጠቅ! አደረገችው። እመኑኝ፣ ኩሽና ገብቼ ብቻዬን እልል አልኩ!

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። ሕያዉን አርቴሚያ ከቀዘቀዘ ሽሪምፕ ጋር ቀላቀልኩ፤ መጀመሪያ ሩብ፣ ቀጥሎ ግማሽ እያልኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የቀዘቀዘውን ብቻውን መብላት ጀመረች። ነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ምግቡ ላይ ጠብ ማድረግ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል ብለው የሚምሉ አርቢዎች አሉ። ብትሞክሩት ክፋት የለውም፤ እንደ መድኃኒት ግን አትቁጠሩት።

የሰጣችሁትን ሳይሆን የበላውን ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ኧረ አንድ እፍኝ ሰጥቼዋለሁ!» ይላል። እፍኙ ግን የጉልቤዎቹ ሆድ ወይም የገንዳው ወለል ላይ ነው። ዓሳችሁ መብላቱን በሚከተሉት ታውቁታላችሁ፤

- ሆዱን ከጎን እዩት። ወደ ውስጥ ከገባ ተርቧል።
- ጀርባውንና ከዓይኑ በላይ ያለውን እዩ። ሥጋው ሟሽሾ ጭንቅላቱ ገዝፎ ከታየ ረሃቡ ቆይቷል ማለት ነው።
- ምግብ አፉ አስገብቶ ከተፋው አልበላም። መዋጡን አረጋግጡ።
- በደንብ እየበላ ከከሳና ኩሱ ነጭ ክር ከመሰለ የአንጀት ትላትል ሊሆን ይችላል። ይሄ የመድኃኒት ጉዳይ እንጂ የምግብ አይደለም።

ቀኑን ሙሉ ሲለቅም የሚውል ዓሳ ሆዱ ትንሽ ነው። በቀን አንዴ ከማትረፍረፍ አራት አምስቴ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይሻላል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የቀረውን ልቀሙት፤ አለበለዚያ ያው አሞኒያ ነው።

እኛ አገርስ?

«እኛ ባሕር የለን፤ ያለን ጎልድ ፊሽ ነው» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ አዲስ አበባ ያለው ገንዳ ባብዛኛው የጣፋጭ ውሃ ነው። መርሑ ግን አይለወጥም።

የዓሳ ደም የሚሞቀውና የሚቀዘቅዘው ከውሃው ጋር ነው። ጎልድ ፊሽ ብርድ ይችላል። ከሞቃት አገር የመጡት እንደ ጋፒና ኤንጅል ፊሽ ያሉት ግን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋሉ። በአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ማሞቂያ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ ምግብ ቢተዉ አይግረማችሁ። ውሃው እስኪሞቅ ምግብ ቀንሱ እንጂ አትጨምሩ። የእኛ የቆላዎቹ ችግር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሞቃት ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል። ሸዋ ሮቢት ላይ በግንቦት ቀትር ዓሳ ላይኛው ውሃ ላይ አፉን ከከፈተ ርቦት ሳይሆን ትንፋሽ አጥሮት ነው፤ የአየር ፓምፑን ክፈቱለት፣ ምግቡን ለጠዋትና ለማታ አድርጉት።

ዳቦ ፍርፋሪማ... በየሆቴሉ ዳቦ የምትጥሉ ወዳጆች፣ እባካችሁ! ዓሳውን አያጠግበውም፤ ውሃውን ግን ያበላሸዋል። አዲስ የገዛችሁት ዓሳ አንድ ሁለት ቀን ባይበላም አትደንግጡ፤ ጤነኛ ዓሳ ለቀናት ያለ ምግብ ይቆያል። ስትገዙ ደግሞ ሻጩን «እስቲ አብላልኝ፣ ልይ» በሉት። ፊታችሁ ካልበላ ቤታችሁ ስለመብላቱ ዋስ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የማይቻልም አለ። እዚያው ቀይ ባሕር ውስጥ ከሕያው ኮራል በቀር ሌላ የማይበላ የቢራቢሮ ዓሳ ዓይነት አለ። እሱን ገዝቶ «ይለምዳል» ማለት ቀስ ብሎ መግደል ነው። የወደዱትን ሁሉ ቤት ማስገባት አይቻልም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ፍቅር ማለት ባሕሩ ውስጥ መተው ነው።

ቢጫዋስ? ከደመወዜ አንድ ሪያል አልተቆረጠም፤ ወንድሜም ትምህርቱን ጨረሰ። ኮንትራቴ አልቆ በ2005 ዓ.ም. ስመለስ የቤቱን የ9 ዓመት ልጅ አንድ ወር ሙሉ አሠለጠንኩት። መጨረሻ ላይ ከእኔ እጅ ይልቅ ወደ እሱ እጅ ትሮጥ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ? ትንሽ ቀናሁ፤ ግን አረፍኩ።

እንግዲህ ገንዳ ያላችሁ ዛሬ ማታ ምግብ ስትጥሉ እጃችሁን ሳይሆን የዓሳችሁን ሆድ ተመልከቱ። ደህና ሰንብቱ!