ዘር ከመቁጠር ማዕድ እስከ መጋራት

ድሮ ጎጃም ውስጥ ርስት የሚሟገት ሰው ወረቀት ይዞ አይቀርብም። በአባትም በእናትም ወደ ላይ እየቆጠረ፣ መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው አባት ዘንድ መድረስ ነበረበት። ሴት ልጅም ተካፋይ ስለነበረች በእሷ በኩል የተወለዱት ሁሉ ይጠይቃሉ። እናም አንዱ ገበሬ በየአገሩ የብዙ አቅኚ አባቶች ወራሽ ይሆናል፤ እውነተኛ ድርሻ የሚያገኘው ግን ዘመድ፣ ጉልበትና የሙግት አፍ ያለው ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለውን ተረት አብዝቶ የሚወደው፣ እንደ እኔ ግምት፣ መሬቱ እጁ ላይ ያልነበረው ሰው ነው።

በደቡብ ደግሞ ጭሰኛው የሚያወርሰው መሬት አልነበረውም። ተማሪዎች በ1957 «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት ይህንኑ ይዘው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ታዲያ ጭሰኝነትን ሲሽር የሰሜኑንም የዘር ቆጠራ አብሮ ጠራረገው። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ አይወረስም ተባለ። ባለይዞታው ሲሞት የመጠቀም መብቱ በቅድሚያ ለትዳር ጓደኛውና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ ሆነ።

ውርስ በሌላ መልክ ተመለሰ። በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ይዞታን ለቤተሰብ አባል ማውረስ ፈቀደ፤ የቤተሰብ አባል ያለውም ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራውን ነው። ልጅነት ብቻውን አልበቃም። አዋጁ በ2016 በሌላ ቢተካም ክርክሩ ከየቤቱ አልወጣም።

ቤሩት ሠርታ ለወላጆቿ በሬና የቤት ቆርቆሮ የገዛችን ልጅ እናስብ። አባት ሲሞት ከበሬውና ከቤቱ የእሱ ድርሻ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለልጆች ሁሉ እኩል ይካፈላል፤ እሷም ድርሻዋን ታገኛለች። ማሳው ግን በ1997ቱ አዋጅ አብሮ ሲያርስ ለከረመው ወንድሟ ይሆን ነበር። እናትየዋ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደለችም፤ ግማሹን የምትወስደው የጋራ ንብረት ስለሆነ ነው። በአማራ ክልል የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የተለጠፈበት የመሬት ደብተር ለእንዲህ ያለችው ሴት ትልቅ ዋስትና ሆኗል።

ልጅቷ ትከሳለች? አንዳንዷ ትከሳለች። ሌላው ቤት በሽምግልና ይጨርሳል፤ ማሳው ላይ የቀረው በየመኸሩ ለእህቱ ጤፍ ሊልክ ይስማማል። ይህ ግን በቃል የተያዘ ነገር ነውና ደብተሩ ላይ አይገባም፤ ወንድምየው ሲሞት ልጆቹ አናውቀውም ሊሉ ይችላሉ።