ለኪስ ካሜራ የትኛው ኤንዲ ፊልተር?

የዲጄአይ ኦስሞ ፖኬት 3 ሌንስ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ አይጠብም፣ አይሰፋም። ኤፍ 2.0 ሆኖ ተሠርቷል፤ ኤፍ 2.0 እንደሆነ ይኖራል። 179 ግራም ብቻ የምትመዝነው ይህች ካሜራ በ2023 ባለ አንድ ኢንች ሴንሰር ይዛ ስትወጣ፣ ለማታና ለቤት ውስጥ ቀረጻ ተስማሚ ያደረጋት አንዱ ነገር ይኸው ሰፊ ቀዳዳ ነው። ችግሩ ቀን ላይ ይመጣል። ትልቅ ካሜራ የያዘ ሰው ፀሐይ ስትበረታበት ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 11 ወይም ኤፍ 16 ያጠብባል። የኪሷ ካሜራ ይህን ማድረግ ስለማትችል ሹተሯን ታፈጥናለች።

ጠራራ ፀሐይ ላይ አይኤስኦውን፣ ማለትም ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ዝቅተኛው 50 ላይ አድርጋችሁ የሹተሩን ፍጥነት ለካሜራዋ ብትተዉላት 1/3200 ሰከንድ አካባቢ ታሳያችኋለች። ምስሉ ቆሞ ሲታይ ጥርት ያለ ነው፤ ሲንቀሳቀስ ግን ይሰባበራል። እስክስታ የሚወርድ ሰው ብትቀርጹ ትከሻው በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲዘል እንጂ ሲፈስ አይታይም። ዓይናችን በፊልም የለመደው ደግሞ ፈጣን ነገር ጥቂት ደብዘዝ ሲል ነው። አንዱን ፍሬም ከሚቀጥለው ጋር የሚያያይዘው ያ ድብዘዛ ነው።

ልማዱ የመጣው ከፊልም ካሜራ ነው። በዚያ ዘመን ሹተሩ በፊልሙ ፊት የሚሽከረከር ክብ ዝርግ ብረት ነበር፤ ግማሹ ክፍት በመሆኑ እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኘው ከተመደበለት ጊዜ በግማሹ ብቻ ነበር። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲቀረጽ ይህ 1/48 ሰከንድ ይሆናል። ባለሙያዎች የ180 ዲግሪ ሕግ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ በ25 ፍሬም 1/50፣ በ30 ፍሬም 1/60 ማለት ነው። እኔ በሕጉ ላይ ሙጭጭ ማለት ያስፈልጋል ብዬ አላምንም። በ1/100 የተቀረጸ ቪዲዮ አብዛኛውን ተመልካች አይጎረብጠውም፤ 1/3200 ግን ይጎረብጣል።

ኤንዲ ፊልተር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ቀለም ሳይለይ ብርሃንን እኩል የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት ነው፤ ለፖኬት 3 የሚሠራው በማግኔት ሌንሷ ላይ ይለጠፋል። የተጻፈበት ቁጥር አካፋይ ነው። ኤንዲ 16 ከሚመጣው ብርሃን አንድ አሥራ ስድስተኛውን፣ ኤንዲ 64 ደግሞ አንድ ስልሳ አራተኛውን ብቻ ያሳልፋል። የካሜራ ሰዎች ብርሃን በግማሽ በቀነሰ ቁጥር አንድ ስቶፕ ብለው ስለሚቆጥሩ ኤንዲ 16 4 ስቶፕ፣ ኤንዲ 64 6 ስቶፕ፣ ኤንዲ 256 8 ስቶፕ ነው። አንዳንድ አምራቾች ግን በዚህ ፋንታ 0.3ን እንደ አንድ ስቶፕ ወስደው 1.2 ወይም 1.8 ብለው ይጽፋሉ። 1.8 የተጻፈበት ያው ኤንዲ 64 ነውና ስትገዙ አትደናገሩ።

ቁጥሩ አካፋይ መሆኑ ከገባ ምርጫው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ፊልተር ሳታደርጉ አይኤስኦውን ዝቅተኛው ላይ አድርጉና ሹተሩ ስንት እንደሚል አንብቡ። ያነበባችሁትን ለምትፈልጉት አካፍሉ። 1/3200 ካለና እናንተ 1/50 ከፈለጋችሁ፣ 3200 ለ50 ሲካፈል 64 ነው፤ ኤንዲ 64 አድርጉ። ደመና ሲሸፍን 1/800 ካለ ውጤቱ 16 ይሆናል። በዚያው ጠራራ ፀሐይ ግን በ120 ፍሬም ዝግ ያለ (ስሎው ሞሽን) ቀረጻ ልትሠሩ ከሆነ የሚፈለገው ሹተር 1/240 ነው፤ 3200 ለ240 ሲካፈል 13 ገደማ ስለሚመጣ ኤንዲ 16 ይበቃል። ፊልተር የሚመረጠው በሰማዩ ብቻ አይደለም፤ የፍሬሙ ብዛትም ይወስነዋል። ለፀሐይ ይህ፣ ለደመና ያ የሚሉትን የተዘጋጁ ሰንጠረዦች የማልወዳቸው ይህን ስለሚረሱ ነው።

ዲጄአይ ራሱ ለዚህች ካሜራ የሚሸጠው ስብስብ ኤንዲ 16፣ 64 እና 256 ነው። በ16 እና በ64 መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ስቶፕ ስለሆነ አይኤስኦውን ከ50 ወደ 200 ከፍ በማድረግ ይሞላል፤ ኤንዲ 32 ለመጨመር ገንዘብ አታውጡ። አንድ ብቻ ለሚገዛ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ውጭ በፀሐይ የሚቀርጽ ከሆነ፣ ምክሬ ኤንዲ 64 ነው። ኤንዲ 256 ለተለየ ሥራ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ሹተሩን ወደ 1/12 ሰከንድ ያወርደዋል። ጢስ ዓባይን የሚያነሳ ሰው ካሜራዋን ትራይፖድ ላይ አቁሞ ውኃውን እንደ ሐር ለማለስለስ ይጠቀምበታል። ለዕለት ተዕለት ቪዲዮ ግን ከልክ በላይ ጨለማ ነው። ጥላ ውስጥ ከልክ ያለፈ ፊልተር ሲደረግባት ካሜራዋ አይኤስኦውን እየሰቀለች ታካክሳለችና ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ይበዛል። ስለዚህ በአውቶ ስትቀርጹ ለአይኤስኦው ጣሪያ አብጁለት።

ከፊልተር የማይገኝ ነገር ደግሞ አለ። በጥምቀት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጃንሜዳ ነጠላ የለበሰ ሰው ስትቀርጹ፣ ነጩ ልብስ ዝርዝሩ ጠፍቶ ፊት ግን ከጠቆረ ኤንዲ ፊልተር አያድናችሁም። ነጩንም ጥቁሩንም እኩል ስለሚቀንስ ልዩነታቸው እንዳለ ይቆያል። እዚያ የሚረዳው የብርሃኑን መጠን ለነጠላው ሲባል ቀነስ አድርጎ፣ የብሩህና የጨለማ ቦታን ዝርዝር ለኤዲቲንግ በሚያቆየው የካሜራዋ የቀለም ሁነታ በዲ-ሎግ ኤም ቀርጾ፣ ፊቱን በኋላ ኤዲቲንግ ላይ ማንሳት ነው።

እየተጠመዘዘ የሚጠቁረው ተለዋዋጭ ኤንዲ ለትልቅ ካሜራ ምቹ ነው፤ ለዚህች ግን አልመክረውም። የተሠራው ከሁለት ፖላራይዘር ስለሆነ ክብደት ይጨምራል፤ ይህን ክብደት የሚሸከሙት ደግሞ የጭንቅላቷን ሚዛን የሚጠብቁት ትንንሾቹ የጊምባል ሞተሮች ናቸው። እንደ 20 ሚሊሜትር ባለ ሰፊ ሌንስ ላይ ደግሞ እስከ መጨረሻው ሲጠቁር ምስሉ መሐል የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ያመጣል። ፖላራይዘር የተቀላቀለበት ፊልተርም ካሜራዋን ከፀሐይ ወዲያና ወዲህ ስታዞሩ የሰማዩን ሰማያዊነት ስለሚለዋውጠው፣ እየተንቀሳቀሱ ለመቅረጽ አይሆንም። ርካሽ ኤንዲ ስትገዙ ቀለም ማዛባቱን በነጭ ወረቀት ፈትኑ፤ አንዴ በፊልተሩ፣ አንዴ ያለ ፊልተሩ ቀርጻችሁ አስተያዩ። አንዳንዱ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ይጥላል።

ወደ አዳራሽ ስትገቡ ፊልተሩን አውልቁ፤ 1/50ን ግን አትልቀቁ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ይህን የማያሳየው 1/50 ወይም 1/100 ነው። ከአሜሪካ ለሠርግ የመጣ ዘመድ ካሜራውን በዚያው በለመደው 30 ፍሬምና 1/60 ከተወው፣ በቪዲዮው ላይ የመብራት ሞገድ ሲያልፍ ሊያይ ይችላል። ከጭፈራው በፊት 25 ፍሬምና 1/50 ላይ ያድርገው።