የሕንጻውን ወጪ ማን ይጠይቃል?

በካሊፎርኒያ አንድ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ግቢውን ለማስፋት ገንዘብ ሲያጥረው መራጩን ሕዝብ ብድር ያስፈቅዳል። ቦንድ ይሸጣል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ የአካባቢው ባለንብረት ነው። ሕጉ በአንድ ምርጫ ለጸደቀ ቦንድ የሚጣለው ግብር በእያንዳንዱ 100,000 ዶላር የንብረት ግምት በዓመት ከ25 ዶላር እንዳይበልጥ ተደርጎ እንዲሰላ ያዛል። ቤቱ 800,000 ዶላር ለተገመተ ሰው ይህ እስከ 200 ዶላር ይደርሳል። በሎስ አንጀለስ ቤት የገዙ ኢትዮጵያውያንም ከዚህ ግብር ውጭ አይደሉም።

ቀድሞ እንዲህ ያለ ቦንድ የሚያልፈው ከመራጩ ሁለት ሦስተኛው ሲደግፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 39 የተባለው ሕግ መስፈርቱን ወደ 55 በመቶ ዝቅ አደረገው። ገንዘቡ በቀላሉ ከተገኘ ደግሞ ጥበቃው መጠንከር ነበረበት። ስለዚህ በዚህ መንገድ ቦንድ ያጸደቀ ኮሌጅ ሁሉ ቢያንስ ሰባት አባላት ያሉት የዜጎች ተቆጣጣሪ ኮሚቴ እንዲያቋቁም ተገደደ። ከአባላቱ መካከል የነጋዴዎች፣ የአረጋውያንና የግብር ከፋዮች ማኅበራት ሰዎች እንዲሁም አንድ ተማሪ መኖር አለባቸው። አባላቱ ደመወዝ የላቸውም። የኮሌጁ ሠራተኛ፣ አማካሪ ወይም ተቋራጭ የሆነ ሰው ሊገባበት አይችልም። የቦንዱ ገንዘብ ለመምህራን ደመወዝና ለዕለት ተዕለት ወጪ እንዳይውል መጠበቅም የእነሱ ሥራ ነው። ግንባታውን በአካል ይጎበኛሉ፤ በየዓመቱ የሚቀርቡትን የሒሳብና የሥራ አፈጻጸም ኦዲቶች ያያሉ፤ ያዩትንም ለሕዝብ ሪፖርት ያደርጋሉ።

ክፍተቱ ግን ከሕጉ ይጀምራል። የኮሚቴውን አባላት የሚሾመው የኮሌጁ ቦርድ ነው፤ ማለትም ተቆጣጣሪውን የሚመርጠው ቁጥጥር የሚደረግበት አካል ራሱ ነው። ኮሚቴው ክፍያ ማገድም ውል መሰረዝም አይችልም። ጥያቄ የማይጠይቁ ሰዎች ከተቀመጡበት ጥርስ የሌለው አንበሳ ሆኖ ይቀራል።

ይህ በሎስ አንጀለስ በተግባር ታይቷል። ዘጠኝ ኮሌጆች ያሉት የከተማዋ የማኅበረሰብ ኮሌጆች አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2001፣ በ2003 እና በ2008 በድምሩ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ቦንድ አጸድቋል። በ2011 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ በተከታታይ ባወጣው ምርመራ፣ ተጀምረው የተተዉ ዕቅዶችንና ጥራት የጎደላቸውን ግንባታዎች ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት የክፍለ ግዛቱ ሒሳብ ተቆጣጣሪ ያወጣው ኦዲትም የገንዘብ አያያዙን ነቅፎ፣ የዜጎች ኮሚቴው ሥራውን በቅጡ እንዳልተወጣ ገለጸ። ኮሚቴ እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። በስም ነበረ፤ ቁጥጥሩን ግን በቅጡ አላደረገም።

ወደ ደቡብ፣ በቹላ ቪስታ የሚገኘው ሳውዝዌስተርን ኮሌጅ ደግሞ የባሰ ታሪክ አለው። በ2008 የ389 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ካጸደቀ በኋላ፣ የግንባታ ውል የሚፈልጉ ድርጅቶች ለባለሥልጣናት እራት ሲጋብዙና የመዝናኛ ትኬት ሲሰጡ እንደነበር ዐቃቤ ሕግ ደረሰበት፤ ከተከሰሱትም ብዙዎቹ ጥፋታቸውን አመኑ። በውድ ምግብ ቤት የተበላ እራት በግንባታ ሒሳብ ውስጥ አይታይም። ሊገለጥ የሚችለው ይህ ድርጅት ለምን ተመረጠ፣ ጨረታውስ እንዴት ተካሄደ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው።

በመሆኑም የአባላቱን ምርጫ ከቦርዱ እጅ ማውጣት፣ ለኮሚቴውም ራሱ የሚቀጥረው ኦዲተር መስጠት አስፈላጊ ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ ለነዋሪው ክፍት የሆነ አንድ በር አለ። የኮሚቴው ስብሰባ በሕግ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን፣ የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳም ከ72 ሰዓት በፊት ይለጠፋል። ግብር ከፋዩ አጀንዳውን አንብቦ፣ በስብሰባው ተገኝቶ፣ የትኛው ሕንጻ ከታቀደው በላይ ስንት እንደፈጀና ለምን እንደሆነ መጠየቅ ይችላል።