የኤሌክትሪክ ኰረንቲና የብረታ ብረት መለጠጥ

ብረት በእሳት ሲግል እንደሚለሰልስ ቀጥቃጭ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪ ትሮይትስኪ እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ በመለጠጥ ላይ ባለ የብረታ ብረት ክሪስታል ውስጥ ኰረንቲ ለቅጽበት ሲያልፍ የመለጠጫው ኃይል እንደሚቀንስ አመለከተ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ብረት የሚለጠጠው በአተሞቹ ድርድር ውስጥ ያሉት ጕድለቶች ሲንሸራተቱ ነው፤ አንዳንድ ሊቃውንት እነዚህን የሚገፋቸው የኤሌክትሮኖች ፍሰት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ግን ኰረንቲው የሚፈጥረው ሙቀት ብቻውን ይበቃል ባዮች ናቸው። ደግሞም ሁለት ጫፉ የተያዘ ሽቦ ሲሞቅ ስለሚረዝም፥ ሳይለሰልስም የሚለካው ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ይህ ርዝመት ሳይታሰብ፥ ያለ ኰረንቲም በምድጃ እዚያው ሙቀት ላይ የደረሰ ሽቦ ጎን ለጎን ሳይለካ፥ ቅናሹን ሁሉ ለኤሌክትሮኖች መስጠት ፍርድ ማጓደል ነው እንላለን።