የደን ተማሪ መስክ ሲወጣ

የደን ሳይንስ ተማሪ የዛፎችን ስም ከነሳይንሳዊ መጠሪያቸው ክፍል ውስጥ ሊሸመድድ ይችላል። ብሳናን ከዋንዛ፣ ጥድን ከፈረንጅ ጥድ አጥርቶ የሚለየው ግን ቅጠሉን ሲያሸት፣ ልጡን ሲዳስስና ፍሬውን ከመሬት ሲለቅም ነው። የደን ትምህርት ያለ መስክ ልምምድ የማይሟላው ለዚህ ነው። በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው የወንዶ ገነት የደን ትምህርት ቤት ግቢውን ከተፈጥሮ ደን ጎን ያደረገውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የደቡብ ጎንደሯ ደብረ ታቦር ለእንዲህ ያለው ልምምድ የተመቸች ከተማ ናት። ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ የዓለም ሳጋ ደን አለ። በምሥራቅ በኩል የርብና የጉማራ ወንዞች የሚነሱበት የጉና ተራራ አስታና ጅብራ ይዞ ይታያል። በመካከሉ የገበሬው የባሕር ዛፍ ማሳና በየኮረብታው የአብያተ ክርስቲያናት ደን አሉ። የተፈጥሮ ደን፣ የውርጭ ዕፅዋትና ሰው የተከለው ዛፍ እንዲህ በአንድ አካባቢ ሲገኙ ተማሪው አንዱን ከሌላው እያነጻጸረ ይማራል።

ሥራው የሚጀመረው በገመድ ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ የናሙና ቦታ ይለካሉ፤ አራቱን ማዕዘን በችካል ያጸናሉ። መሬቱ ዳገት ከሆነ ገመዱ አፈሩን ተከትሎ አይዘረጋም፤ አግድም ተወጥሮ ይያዛል፤ አለዚያ የቦታው ስፋት ይዛባል። ከዚያ የእያንዳንዱ ዛፍ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካል። በዳገት ላይ ለኪው የሚቆመው ከዛፉ በላይ በኩል ነው። የአንድ ወይራ ግንድ ዙሪያው 157 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ለ3.14 ሲካፈል ውፍረቱ 50 ሳንቲ ሜትር ይመጣል።

ቁመት የሚለካው ክሊኖሜትር በተባለ የማዕዘን መለኪያ ነው። ተማሪው ከግንዱ 20 ሜትር ይርቅና መጀመሪያ ጫፉን፣ ቀጥሎ ሥሩን ያያል። ወደ ላይ 40 ዲግሪ፣ ወደ ታች 5 ዲግሪ ካነበበ ዛፉ 18.5 ሜትር ያህል ነው። ጫፉ በሌሎች ቅርንጫፎች ሲሸፈን ቦታ መቀየርና ርቀቱን እንደገና መለካት ግድ ነው። በግምት የሞላው ቁጥር በኋላ የእንጨቱን መጠን ሲያሰላ ይከዳዋል።

ትልቁ ትምህርት ግን ያለው ጎንበስ ሲሉ ነው። በናሙናው ቦታ ውስጥ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይከለሉና ተማሪዎች ተንበርክከው ቡቃያውን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ከላይ ግርማ ሞገስ ያለው ጥድ ቆሞ ከሥሩ አንድም የጥድ ቡቃያ ከሌለ፣ ያ ደን ወራሽ የለውም ማለት ነው። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» ልቦለዱ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪም ነው፤ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራውም በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ነው። በ28 አብያተ ክርስቲያናት 168 የእንጨት ዕፅዋት ዓይነቶች መዝግቧል። ከብት እንዳይገባ በታጠረ ቦታ ቡቃያ በተሻለ እንደሚተርፍም ከባልደረቦቹ ጋር አሳይቷል። በአንዳንድ ደብሮች ዙሪያ ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ ካብ መሠራቱም ቡቃያውን ከከብት ለመጠበቅ ከሚደረገው ጥረት ጋር የተያያዘ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪው ከዛፍ ሌላ ስለ ሰውም ይማራል። ወደ ደብር ሲደርስ አስተዳዳሪውን «አባታችን፣ ይፍቱን» ብሎ ሳያስፈቅድ ሜትሩን አይዘረጋም። ደኑን ለዘመናት ያቆየው የአካባቢው ምእመን ነውና፣ የትኛው ዛፍ እንደተመናመነ ከማንም በፊት የሚነግሩት እነዚሁ አባቶች ናቸው። ገበሬውም ባሕር ዛፍ የሚተክለው ስለ አካባቢ ጉዳት ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም፤ ቶሎ ደርሶ ስለሚሸጥለት ነው። ይህን ቁጭ ብሎ ያላዳመጠ ባለሙያ የሚሰጠው ምክር ሰሚ አያገኝም።

ልምምዱ በችግኝ ጣቢያ ይቀጥላል። ተማሪው አፈር፣ ብስባሽና አሸዋ ደባልቆ ላስቲክ ይሞላል። የወይራን ፍሬ ጠንካራ ቅርፊት ውስጡን ሳይጎዳ ይሰነጥቃል፤ የግራርን ዘር ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክራል። ሥሩ ከላስቲኩ አልፎ መሬት ሲይዝ ይገርዘዋል። የተከላው ጊዜ ሲቃረብ ውሃና ጥላ እየቀነሰ ችግኙን ያለማምደዋል። በጥላ ተንቀባሮ ያደገ ችግኝ የደጋውን ውርጭና የበጋውን ፀሐይ አይችልምና።

ይህ ሁሉ መጓጓዣ፣ መሣሪያና ጊዜ ይጠይቃል። ወጪ ሲቀነስ ከሁሉ በፊት የሚታጠፈው የመስክ ጉዞ ከሆነ ግን፣ የሚመረቀው ደን በፎቶግራፍ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ወጪ እንደ ቤተ ሙከራ ወጪ ሊቆጥሩት ይገባል። በየክረምቱ ለተከላ የምንወጣ ሁላችንም ከእነዚህ ተማሪዎች አንድ ልማድ እንውሰድ፦ ሐምሌ ላይ የተከልነውን ጥር ላይ ተመልሰን ጎንበስ ብለን እንቁጠር። ደን የሚሆነው የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ነው።